በሬም መስመሮች የተጻፈ የኦምዱርማን ታሪክ

በሱዳኗ ከተማ ኦምዱርማን ውስጥ በኔትወርክ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ አስበልጬ የምወዳት ፋይል ሎግኦን ስክሪፕቷ ነበረች። ሠራተኛው ጠዋት ስሙንና ፓስወርዱን ሲያስገባ ሰርቨሩ ይህችን አጭር ባች ፋይል ያቀብላል፤ ኮምፒውተሩም መስመር በመስመር ይፈጽማታል። «ኔት ዩዝ» በሚለው ትእዛዝ የሒሳብ ክፍሉ ፎልደር ኤስ ድራይቭ፣ የግሉ ኤች ድራይቭ ይሆናል፤ የፎቁ ፕሪንተርም ይገናኛል። ከትእዛዞቹ በላይ ደግሞ «ሬም» ብለው የሚጀምሩ ማስታወሻዎች አሉ። ኮምፒውተሩ ይዘላቸዋል፣ ሰው ያነባቸዋል። የሒሳብ ክፍሉ መቼ ቢሮ እንደቀየረ፣ ፕሪንተሩ ለምን ወደ ምዝገባ ክፍል እንደሄደ የተማርኩት ከእነሱ ነው።

ከእኔ በፊት የነበሩት ሱዳናውያን ባለሙያዎች ማስታወሻቸውን የጻፉት ዐረብኛውን በላቲን ፊደል ነበር። ምክንያት ነበራቸው። በዐረብኛ ዊንዶውስ ላይ ኖትፓድ ፋይሉን ኮድ ፔጅ በተባለው የፊደል ሠንጠረዥ በቁጥር 1256 ያስቀምጥ ነበር፤ ትእዛዝ የሚፈጸምበት ጥቁር መስኮት ግን ያነብ የነበረው በቁጥር 720 ነው። በዐረብኛ ፊደል የተሰየመ ፎልደር በስክሪፕቱ ውስጥ ሲጠራ ፊደሉ ተዛብቶ ይደርስና ድራይቩ አይከፈትም ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ ያን ያህል ዕድል እንኳ አላገኘም። ዊንዶውስ ለአማርኛ ኮድ ፔጅ አልሠራለትም፤ ዩኒኮድ ውስጥ የገባውም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እኔም የራሴን ማስታወሻ በላቲን ጻፍኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሎግኦን ስክሪፕት ልማድ ከማይክሮሶፍት ጋር የመጣ አይደለም፤ በ1980ዎቹ የኖቬል ኔትዌር ሰርቨሮችም ሎግኢን ስክሪፕት ነበራቸው። በ1996 በወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 4 አሠራሩ ይህ ነበር፦ የዩዘሩን መዝገብ ከፍቶ የስክሪፕቱን ስም ማስገባት፣ ፋይሉንም ኔትሎግኦን የተባለው ፎልደር ውስጥ ማኖር። ዩዘሩን የሚያስገባው ዶሜይን ኮንትሮለር ከሚባሉት ሰርቨሮች የትኛው እንደሚሆን ስለማይታወቅ ፋይሉ በሁሉም ላይ መገኘት ነበረበት። ስክሪፕቱ የሚሠራውም በዩዘሩ መብት ልክ ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት ከሰርቨሩ ጋር የሚያስተካክለው መስመር ዊንዶውስ 95 ላይ እሺ ይል የነበረው፣ ኤንቲ ላይ «አልተፈቀደም» እያለ የሚመለሰው ለዚህ ነው፤ ተራ ዩዘር ሰዓት የመቀየር መብት የለውም።

ይህ ሙያ ኦምዱርማን ላይ ሥር የሰደደው በሩ በተዘጋበት ዘመን ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1997 የጣለችው ማዕቀብ ዕቃም ሆነ ቴክኖሎጂ ወደ ሱዳን እንዳይላክ ከለከለ፤ የተነሳው በጥቅምት 2017 ነው። ሃያ ዓመት ገደማ! ሶርስፎርጅ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ማከማቻ እንኳ በ2010 መጀመሪያ ላይ ከሱዳን የሚመጣውን ሁሉ ዘግቶ ነበር። ከጦር መሣሪያ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሠራተኛ ለምን እንደሚቀጣ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ስለዚህ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ በሲዲ ዞረ። አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል በ1992 የጀመረው ሳምባ ሊኑክስን እንደ ዊንዶውስ ሰርቨር አድርጎ ስለሚያሠራ ብዙ ረዳን። አንድ ወጥመድ ግን ነበረው። ስክሪፕቱ ሊኑክስ ላይ ከተጻፈ የመስመሮቹ መጨረሻ በዊንዶውስ ልማድ አይዘጋም፤ ስለዚህ ለዓይን ትክክል የሆነ ፋይል ዩዘሩ ጋ ሲደርስ በአግባቡ አይሠራም። ይህንን ያሳየኝ አብሮኝ የሚሠራ ሱዳናዊ ባሽሙሀንዲስ (መሐንዲስ) ነው፤ ፋይሉን ዊንዶውስ ላይ ከፍቶ መስመሮቹ ሁሉ ባንድ ረድፍ ተጣብቀው አሳየኝ።

ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ስክሪፕት ግሩፕ ፖሊሲ በተባለው ማዕከላዊ አሠራር መሰጠት ጀመረ። በ2008 ደግሞ በዚያው በግሩፕ ፖሊሲ ድራይቭን ያለ ስክሪፕት በማውዝ ብቻ ማገናኘት ተቻለ። ሥራው ቀለለ፣ ማስታወሻው ግን ቀረ፤ እዚያም የማብራሪያ ቦታ አለ፣ የሚሞላው ግን ጥቂት ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ተነሳ። በተከታዩ ወር ኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ከነመጻሕፍቱ ተቃጠለ። የመሥሪያ ቤቶቹን ሰርቨሮች የሚያስታውስ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ካይሮ፣ ፖርት ሱዳን ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ አሮጌ ባክአፕ በእጃችሁ ያለ ባልደረቦቼ፣ ዲስኩን ከማጥፋታችሁ በፊት የኔትሎግኦንን ፎልደር ቅዱልኝ። ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ በኢሜይል ይላካል።