ማረሻውን የሠራው እጅ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እህል በአብዛኛው የሰማይ ውሃ ጠባቂ ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ከወጣ ጎተራው ባዶ ይቀራል። የ1977ቱ ረሃብ አይረሳም፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም በጋይንትና በስማዳ ብዙ አባወራ በሴፍቲኔት ታቅፎ፣ እርከን እየሠራ ቀለብ ተሰፍሮለታል። በዚህ አገር ገበታ ቀርቦ «ቢስሚላህ» ሲባል ቃሉ ክብደት አለው።

ገበታ ላይ ፈጣሪን መጥራት ግን የእኛ ብቻ አይደለም። ከአህለል ኪታብ ወገን የሆኑት አይሁዶች ለፍሬው አንድ፣ ለአትክልቱ ሌላ ምስጋና አላቸው። የዳቦው ምስጋና ያስገርማል፤ ፈጣሪን የሚያመሰግኑት ዳቦን ከምድር ስላወጣ ነው። ምድር የምታወጣው ስንዴ መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ማረሱ፣ ማጨዱ፣ መውቃቱ፣ መፍጨቱ፣ ማቡካቱ የሰው ድርሻ ነው። ምስጋናው ይህን ድካም አይክድም፤ የሚደክመውም ክንድ የፈጣሪ ስጦታ ነው ማለቱ ይመስለኛል። ሊቃውንቶቻቸውም በታልሙድ ሳያመሰግን የበላ ሰው ከተቀደሰ ንብረት እንደወሰደ ይቆጠራል ብለዋል።

ከጉና ተራራ በስተ ሰሜን፣ በበለሳና በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ታልሙድን አያውቁም ነበር። ጸሎታቸው በግዕዝ ነው፤ የሰንበቱን ዳቦ ቄሳቸው ባርኮ ለሕዝቡ ያካፍላል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ድል ካደረጋቸው በኋላ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ መባሉ ሲነገር ኖሯል። መሬት ያጣው ወንድ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሴቷም ሸክላ ሠሪ ሆነች። የገበሬው ማረሻ ከእሱ እጅ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከእሷ እጅ ይወጣ ነበር። ማረሻ ሠሪው የሚያርሰው መሬት የለውም፤ አልፎ ተርፎ «ቡዳ» ተብሎ ይፈራል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ወሰነ። ርስት የተከለከለው የጎንደር ሙስሊም በንግድና በሽመና ኖረ። «መሬት ለአራሹ» የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ቤተ እስራኤላውያን ግን በመሬቱ ብዙም አልቆዩበትም፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ።

ታዲያ ተበዳይ መሆናችን ከበዳይነት አላዳነንም። በእኛም መንደር ቀጥቃጩን «ቡዳ» ያለ አንደበት፣ ያው ቢስሚላህ ብሎ የሚበላው አንደበት ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ብረትን ያለሰለሰለት ነቢዩ ዳዉድ (ዐ.ሰ.) ግን ከእጁ ሥራ ይበላ እንደነበር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። ዳዉድ የእነሱም ነው፣ የእኛም ነው።

ምስጋናውም በአፍ ብቻ አይደለም። ኦሪት የእርሻውን ዳርቻ ሳታጭድ ለድሃው ተው ይላል። በእኛ ሸሪዓ በዝናብ የበቀለ እህል ዘካው ከዐሥር አንድ ነው፤ ሰው በድካሙ ውሃ እየቀዳ ያጠጣው ግን ከሃያ አንድ። የገበሬው ላብ እንኳ ተቆጥሮለታል። ምርቱ አምስት ወስቅ፣ በዛሬ ሚዛን ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ፣ ካልሞላ ዘካ የለበትም። ዝናብ ባጠረበት ዓመት የስማዳ ገበሬ ከዚህ በታች ወቅቶ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከጎረቤት አውድማ ተቀባዩ እሱ ነው።