የደቡብ አፍሪካ የሥራ ቪዛ፦ ከመነሳታችን በፊት ማወቅ ያለብን

ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሥራ ለመሄድ ያሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን እወቁ፦ የጎብኚ ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ደላሎች «አንዴ ግባ እንጂ እዚያ ይቀየራል» ይላሉ። ይህን አምኖ ከብትና መሬት የሸጠ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ሆኖም ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው፣ በጣም ውስን ከሆኑ ሁኔታዎች በቀር፣ እዚያው ሆኖ ወደ ሥራ ቪዛ መቀየር አይችልም። ማመልከቻው የሚቀርበው ከአገር ሳይወጡ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች፦

1. አጠቃላይ የሥራ ቪዛ፦ እዚያ ካለ ቀጣሪ ጋር ውል ላለው ሰው ይሰጣል፤ እስከ 5 ዓመት ሊያገለግል ይችላል።
2. የተፈላጊ ሙያ ቪዛ፦ መንግሥት እጥረት አለባቸው ብሎ ለዘረዘራቸው ሙያዎች፣ ለምሳሌ ለተለያዩ የምሕንድስና ዘርፎች።
3. የንግድ ቪዛ፦ የራሱን ንግድ ለሚከፍት ሰው፤ በመደበኛው አሠራር 5 ሚሊዮን ራንድ ካፒታል ይጠይቃል።

ለሥራ ቪዛ ፓስፖርት፣ የሥራ ውል፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤት ያስፈልጋሉ። የትምህርት ማስረጃ ደግሞ በአገሪቱ የብቃት ምዘና ባለሥልጣን መገምገም አለበት።

የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀትም የሥራ ቪዛ አይደለም። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ሕግ መሠረት ከስደትና ከአደጋ ለሸሸ ሰው የሚሰጥ ጊዜያዊ ወረቀት ነው፤ በየጊዜው ይታደሳል፣ ጥያቄው ውድቅ ከሆነም ያበቃል።

ስለዚህ ለማንም ገንዘብ ከመስጠታችን በፊት «የቪዛው ዓይነት ምንድን ነው? ቀጣሪው ማን ነው? ውሉስ የት አለ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱንም አዲስ አበባ ባለው የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ እናረጋግጥ።