ከሐረና ጥላ ወደ መስታወት ቤት

ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ የሚቀበለው ብርድ ነው። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ይዘልቃል፤ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይመጣል፤ የአስታው ቁጥቋጦ ያልፍና መንገደኛውን የሐረና ደን ይውጠዋል። ከ1,800 ሜትር ገደማ በታች ሲደረስ በዝግባና በዋንዛ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይታያል።

ቡናው ግን ፀሐይ ላይ አይደለም። ከትልልቆቹ ዛፎች እግር ሥር ሆኖ፣ በቅጠል መሐል እየተንጠባጠበ በሚወርደው ብርሃን ይኖራል። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ከላይ ሰም የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ጠርዙ ይሞገዳል። ገልብጦ ለሚያየው ደግሞ ጅማቶቹ በሚገናኙበት ቦታ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይጠለሉባቸዋል። በጥላ ያደገ ቅጠል ፀሐይ ላይ ካደገው ይልቅ ሰፊና ስስ ነው፤ ለሥራውም ብዙ ብርሃን አይፈልግም። ይህ የደን ውስጥ ጠባይ ነው ቡናን ለፈረንጅ ሳሎን ያበቃው።

የቤት ውስጥ ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1706 ነው። ሆላንዶች ከጃቫ ያመጡትን አንድ የቡና ችግኝ በአምስተርዳም የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ተከሉት። ክረምቱ በረዶ ስለሆነ በመስታወት ቤት፣ በምድጃ ሙቀት ማሳደር ነበረባቸው። ዛፉ አበበ፤ ፍሬም ሰጠ። ብቻውን ፍሬ መስጠቱ ተአምር አልነበረም፤ አረቢካ ከብዙዎቹ የቡና ዘመዶቹ የሚለየው በራሱ የአበባ ዱቄት መዳቀል በመቻሉ ነው። ያ ጠባይ ባይኖረው ኖሮ የአምስተርዳሙ ዛፍ ቅጠሉን ብቻ ይዞ በቀረ ነበር።

በ1714 የከተማዋ ሹማምንት ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አንድ የቡና ዛፍ በስጦታ ላኩ። ፓሪስ ሲደርስ በንጉሡ የአትክልት ስፍራ ለዕፅዋት ሊቁ ለአንቷን ደ ጁሲዩ በአደራ ተሰጠ። ከዓመታት በኋላ ገብርኤል ደ ክሊዩ የተባለ መኮንን አንድ ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ሲሻገር፣ መርከቡ ላይ ውኃ በማነሱ የራሱን ድርሻ ለችግኙ ያካፍል እንደነበር ራሱ ጽፏል። ጽሑፉ ትንሽ ጀብዱ ሳያክልበት አልቀረም፤ ነገር ግን ቡና ሲጠማ ቅጠሉ ድንገት እንደሚጠወልግ የሚያውቅ ሰው ውኃ ማካፈሉን አይጠራጠርም።

ዛሬ በአበባ ማሰሮ ቡና የሚያሳድግ ሰው የሚሠራውም ያንኑ የምድጃና የመስታወት ሥራ ነው። ቀትር ፀሐይ ከመስኮት በቀጥታ ካገኘው ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይቃጠላል። የክፍሉ አየር ሲደርቅ ጫፉና ጠርዙ ቡናማ ይሆናል፤ ሐረና ጉም የሚለብስ ደን መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። ኖራ የበዛበት ውኃ አዘውትሮ የሚጠጣ ከሆነ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ መሐሉ ቢጫ ይሆናል፤ ቡና ኮምጠጥ ያለ አፈር ይወዳልና። የዝናብ ውኃ ይሻለዋል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ውኃ ግን የማያቁር ይሁን፤ ሥሩ ከበሰበሰ ቅጠሉን ማዳን አይቻልም። ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች እንዲወርድበትም አይገባም። ደጋ በሆኑት በሮቤና በጎባ ቡና ያማረው ሰው ከደጅ ይልቅ መስኮት ዳር ቢያስቀምጠው የሚሻለው ለዚህ ነው።

በደሎ መና የሚደረገው ግን የቤት ውስጡ አያያዝ ተቃራኒ ነው። የቡና ደን ያለው ገበሬ ለቀማ ሳይደርስ ሥር ሥሩን ያለውን ቁጥቋጦና ሐረግ ይመነጥራል፤ ጥላው ከከበደም አንዳንዱን ዛፍ ያነሳል። ፈይራ ሰንበታ እ.ኤ.አ. በ2006 በቦን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ሐረናን ከቦንጋ፣ ከያዮና ከሌሎች የቡና ደኖች ጋር አነጻጽሮ የዚህን አያያዝ ውጤት አሳይቷል፤ ምንጠራው ሲበረታ ቡናው ይበዛል፣ የደኑ ሌላ ዕፅ ይቀንሳል። ገበሬው ፍሬ ስለሚፈልግ ብርሃን ያስገባል። የሳሎኑ ባለቤት ቅጠል ስለሚፈልግ ጥላ ያበዛል፤ ግንዱ ብቻውን ወደ ላይ እንዳይመዘዝም ጫፉን ይቀጥፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ምክር ግን መዋዋስ አይችሉም። ቅጠሉ ራሱ አዝመራ የሚሆንበት አገርም አለ፤ ሐረር ላይ የደረቀ የቡና ቅጠል ተቆልቶና ተፈልቶ ቁጢ ሆኖ ይጠጣል።

የቅጠል ነገር ከተነሳ ዋግ የተባለው በሽታ አይታለፍም። ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት ሆኖ የሚታየው ይህ ሻጋታ እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሎን ላይ ተገኘ፤ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የደሴቲቱን ቡና አጥፍቶ መሬቱን ለሻይ አስለቀቀ። በዓለም ላይ የተሠራጨው አረቢካ አብዛኛው በየመን በኩል ካለፈ ጥቂት ዘር የመጣ በመሆኑ የአንዱ ድካም የሁሉም ነበር። ዋጉ በሐረናም አለ፣ ደኑን ግን አልጨረሰም፤ እዚያ ያለው ቡና እርስ በርሱ የተለያየ ነው፣ በጥላው ሥርም ዋጉን ራሱን የሚበላ ሌላ ሻጋታ ይኖራል።