የወድ ካልታቡው ደጃዝማች

ሾዋክ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ፣ አትባራ ወንዝ ዳር ያለች የሱዳን ከተማ ናት። የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዓመታት እዚያ ስለነበር፣ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ስሟን ያውቀዋል። እዚያ የሚመዘገብ ሰው ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይናገር ነበር። ሱዳናዊውም አጠራሩ ከዚህ ብዙ አይለይም።

በዚህ አጠራር የአንድ ሰው ስም ከልጅ ልጁ ወዲያ አይዘልቅም። ታላላቆቹን ከመረሳት ያዳናቸው በከፊል የፈረስ ስማቸው ነው፤ አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስን፣ አባ ነጋ ሲባል አሉላን የማያስታውስ የለም። ደጃዝማች ክንፉን ግን ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን?

ክንፉ የደንቢያና የቋራ ገዥ ነበሩ። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሱዳንን ከያዘ በኋላ ግብር ፍለጋ እየገፋ ወደ ድንበሩ መጣ። ክንፉ እ.ኤ.አ. በ1837 በገዳሪፍ አቅጣጫ ባለው ቆላ፣ ወድ ካልታቡ ላይ ገጥመው ድል አደረጉት። ግብፆች ተበቅለው ጎንደር እንገባለን ብለው ሲዝቱ እንግሊዞች መሐመድ ዓሊን አስጠነቀቁ። ያኔ ጎንደር ላይ ዙፋን እንጂ ሥልጣን ያለው ንጉሥ አልነበረም፤ ድንበሩን የጠበቀው የአንድ አውራጃ ገዥ ክንድ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የአባታቸው ስም እንኳ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጸሐፊ ክንፉ ኃይሉ፣ ሌላው ክንፉ ኃይለ ጊዮርጊስ ይላቸዋል። ለካሳ ኃይሉ፣ ለኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ አጎት ናቸው የሚልም ወንድም ናቸው የሚልም አለ። ካሳ በቤታቸው አድጓል። እ.ኤ.አ. በ1848 ከግብፆች ጋር ደባርቂ ላይ ገጥሞ በመድፍ እሳት ሲሸነፍ፣ ከክንፉ ድል አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ አልፎ ነበር። የካሳን ሽንፈት ግን የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፈ ሁሉ ያነሳዋል።

ክንፉ እ.ኤ.አ. በ1839 ሞቱ። ልጆቻቸው ለርስታቸው ሲዋጉ በጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ተሸነፉ፤ ደንቢያም ለዘመኑ እቴጌ ለመነን ሆነ። አዝማሪ ስማቸውን የሚያስጠራበት ግብር፣ ዘር የሚያስታውስበት ቤት አብሮ ተበተነ። መተማ ወይም ደንቢያ ላይ አንድ ትምህርት ቤት በስማቸው ሲሰየም ማየት እመኛለሁ፤ ከነአባታቸው ስም፣ የቱ ትክክል እንደሆነ አውቀን።