ካዛንቺስ፣ ሒልተን እና የፍል ውሃው ነገር

ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ከውጭ ለእረፍት መጥቶ ካረፈበት ከሒልተን ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ይሄ ሆቴል ታሪክ አለው እንዴ?» አለኝ። አለው እንጂ! በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ይኸው እዚህ ጻፍኩት። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የሆቴሉ ነገር የሚጀምረው ከሆቴሉ አይደለም፤ ከውሃው ነው። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ግቢ እንጦጦ ላይ ነበር። እንጦጦን የወጣ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከተራራው እየወረዱ የሚታጠቡት፣ ኦሮሞው ፊንፊኔ ብሎ በሚጠራው በፍል ውሃው ዙሪያ ነበር። እቴጌይቱ ቦታውን ወደዱት፣ እዚያው አቅራቢያ ቤት ተሠራ፣ ግቢው ቀስ በቀስ ወረደ፣ ከተማውም አዲስ አበባ ተባለ። እንግዲህ ዋና ከተማችን ራሷ ሙቅ ውሃ ፍለጋ የወረደች ናት ማለት ነው።

ያ ውሃ ዛሬም ከመሬት ይወጣል። ፍልውሃ ሄዳችሁ፣ ተራ ይዛችሁ፣ እንደ ክፍሉ ማዕረግ ከፍላችሁ ትታጠባላችሁ። ትንሽ ራመድ ብላችሁ ሒልተን ከገባችሁ ደግሞ የመዋኛ ገንዳው የሚሞቀው በዚያው በከርሰ ምድር ፍል ውሃ ነው። ገንዳው የመስቀል ቅርጽ አለው፤ ከላይ ከፎቅ ሆኖ ያየው ሰው የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ትዝ ይለዋል። ሸራተንም ቢሆን የቆመው እዚያው ፍልውሃ ሰፈር ነው፣ የሚያልፈውም መንገድ በእቴጌይቱ ስም የተሰየመ ነው። ምድሩ አንድ፣ የመግቢያ ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ!

ሆቴል የሚባለውን ነገርም ለከተማው ያስተዋወቁት እኚሁ ሴት ናቸው። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል የመጀመሪያችን ነው። ነገሩ ለዘመኑ ሰው እንግዳ ነበር። በእኛ አገር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። እንጀራ ሸጦ ገንዘብ መቀበል ለጨዋ ሰው ነውር የሚመስልበት ዘመን ላይ እቴጌይቱ ራሳቸው ሆቴል ከፈቱ። ለእኔ ይሄ ከብዙ የጦር ድል የማያንስ ድፍረት ነው። ብቻ ወደ ሰፈራችን ልመለስ።

ካዛንቺስ የሚለው ስም አማርኛም ኦሮምኛም አይደለም። ጣሊያን በወረራው ጊዜ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበረው። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ይባላሉ፣ የኢንቺስ ቤቶች ለማለት ነው። ያገሬ ሰው አፉ ላይ አዙሮ አዙሮ ካዛንቺስ አደረገው። ፖፖላሬም እንደዚያው የጣሊያን ቤቶች ስም ነው። በዚያ ፕላን ነጩ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው ነበር የሚኖረው፤ ገበያው ሳይቀር ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የተገፋው ያኔ ነው፣ የዛሬው መርካቶ። ካዛንቺስ እንግዲህ ከመነሻው የተሠራው ከውጭ ለመጣ ሰው ነበር። ጣሊያን ተባረረ፣ ቤቱ ቀረ፣ የእኛ ሰው ገባበት። ስሙን ግን ማንም ሊቀይረው አልፈለገም።

ቀጥሎ አፍሪካ መጣች። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. መቀመጫውን እዚህ አደረገ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ተመረቀ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት የሚያበራበት ማለት ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እዚያው ተፈረመ። ልብ በሉ፣ ያን ቀን ሒልተን የለም፣ ሸራተን የለም። ከተማው አንድ አህጉር ጠርቶ ያስተናገደው ዛሬ ከምናያቸው ባለአምስት ኮከቦች አንዱም ሳይኖረው ነው። ግዮንና ራስን የመሳሰሉት ነበሩ የጊዜው ትልልቆች።

ሒልተን የተከፈተው በፈረንጆቹ 1969 ነው። በዚያው ዓመት ናይሮቢም የራሷን ሒልተን ከፈተች። የካይሮው ቀድሞ በ1959፣ የኢስታንቡሉ በ1955 ተከፍተው ነበር። በዚያ ዘመን አንድ መንግሥት «እኛም ዘመናዊ ነን» ሊል ሲፈልግ አየር መንገድ ያቋቁማል፣ ስታዲየም ይሠራል፣ ሒልተን ያስገባል። የናይሮቢው በ2022 መጨረሻ ተዘግቷል። የእኛው ንጉሡን አሳልፎ፣ ደርግን አሳልፎ፣ ኢሕአዴግን አሳልፎ እስከ ዛሬ አለ።

ሁሌም የሚገርመኝ የደርግ ዘመኑ ነው። ባንኩ፣ ፋብሪካው፣ ትርፍ ቤቱ ሁሉ ተወረሰ። ግድግዳው ላይ ማርክስና ሌኒን ተሰቀሉ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ግን የአንድ አሜሪካዊ ካፒታሊስት ስም ከቤተ መንግሥቱ ሥር በትልቁ ተጽፎ ኖረ። ለምን ቢባል ዶላር ያስፈልጋል፣ የአንድነት ድርጅቱ እንግዶችም ማደሪያ ይፈልጋሉ። አብዮቱ ራሱ እንግዳ ነበረበት! በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የዓለም ጋዜጠኞችና የእርዳታ ሰዎች ብዙዎቹ ያረፉት እዚያው ነው። ጠዋት ኮረም፣ ማታ ሒልተን። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱን አይቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስደው እንደነበር አላውቅም። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ታላቁ ቤተ መንግሥት አካባቢ ሲተኮስም የውጭ ጋዜጠኞች እዚያው ሒልተን ነበሩ፤ ከግቢው ብዙም አይርቅም።

ሸራተን በ1990 ዓ.ም. መጣ፣ ሼህ አል አሙዲ ያሠሩት። ከዚያ በኋላማ ጁፒተር፣ ራዲሰን ብሉ፣ ኤሊሊ እያለ ካዛንቺስ ራሱ የሆቴል ሰፈር ሆነ። የእነሱን ታሪክ ለሌላ ቀን።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እነዚህን ሆቴሎች ሲያሠራ የኖረው ማነው? አልጋውን የሚያነጥፈው፣ አንሶላውን የሚተኩሰው፣ ሌሊት በሩ ላይ የሚቆመው? ብዙው እግሩ የሚያደርሰው ሰው ነው። ከካዛንቺስ፣ ከኡራኤል፣ ከቂርቆስ። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆነው በትንሽ ኪራይ ሰው ይኖርባቸው ነበር፤ በዚያ ኪራይ የሆቴል ደመወዝ ልጅ ያስተምራል። እኔ ራሴ የማውቃቸው አንዲት እናት ነበሩ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች በአንዱ ላውንደሪ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ። ቤታቸው ስትሄዱ እጅ መታጠቢያው ላይ ሁልጊዜ ያቺ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ የሆቴል ሳሙና አለች። ለእንግዳ ነው የምትወጣው፣ ልጆቻቸው በአጃክስ ነበር የሚታጠቡት። እኒህ ሴት ለሠላሳ ምናምን ዓመት ያጠቡት አንሶላ ላይ አንድም ሌሊት አልተኙም።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዷ «ቲቸር አንድ ቀን እንኳን ይረፉ» ብላ እዚያው መሐል ከተማ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አንድ ሌሊት ከፈለችልኝ። እግዜር ይስጣት። አልጋው መቼም የሚያስተኛ ነው፣ ውሃውም አይጠፋም። እኔ ግን መስኮቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ፊት ለፊት ከዚህ በፊት ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጀበና ጭስ፣ ምሽት ላይ የማሲንቆ ድምፅ የነበረበት ቦታ ሰፊ አስፋልትና ረድፍ የያዘ መብራት ሆኗል። እንደምታውቁት በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ አብዛኛው ካዛንቺስ ፈርሷል። ብዙ ሰው ወደ ገላን ጉራ ሄዷል። ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ ዓለም ያወቀው ፈንድቃም ከዚያው ጋር ከቦታው ተነሣ።

መንገዱ አልሰፋም፣ መብራቱ አላማረም አልልም። ሰፍቷል፣ አምሯል። የጭቃ ቤት ናፋቂም አይደለሁም፤ ለአሥር ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ምን እንደሚመስል የኖርኩበት ሰው ነኝ። ግን ያቺ የሳሙናዋ እናት ልጅ ዛሬ ሆቴል ብትቀጠር ከገላን ጉራ በስንት ታክሲ፣ በስንት ሰዓት ተነሥታ ነው የምትደርሰው? ሌሊት ስትወጣስ?

ሌላም አለ፣ እንደ ታሪክ አስተማሪነቴ የሚከነክነኝ። የሒልተንን ፎቶ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ እንደልብ ታገኛላችሁ፤ ፖስትካርዱ አለ፣ ገንዳው አለ፣ የመሪዎቹ ራት አለ። ከአጥሩ ማዶ የነበሩት የካዛንቺስ ቤቶች፣ የጣሊያን በረንዳ ላይ የእኛ ሰው ሸራ ወጥሮ የኖረባቸው፣ ፎቷቸው ያለው እናንተ አልበም ውስጥ ነው። ልደት ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ የሠርግ ድንኳን ሲተከል፣ ከሰዎቹ ጀርባ ግድግዳውና በሩ ይታያል።

ስለዚህ ካዛንቺስ፣ ኡራኤል፣ ቂርቆስ ያደጋችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ፎቶውን ፈልጋችሁ ከዚህ ሥር ለጥፉልኝ። ዓመተ ምሕረቱንና ቤቱ ከየትኛው ሱቅ ወይም ቡና ቤት አጠገብ እንደነበረ አንድ መስመር ጨምሩበት። ሆቴል የሠራ ወላጅ ያላችሁ ደግሞ የትኛው ክፍል እንደሠሩና ከስንት እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ ጻፉልኝ። እኔ አንድ በአንድ እየመዘገብኩ ነው።