ቀርከሃ በቤት ግንባታ

ቀርከሃ ሲያዩት እንጨት ይምሰል እንጂ የሣር ወገን ነው፤ ከጤፍና ከስንዴ ይዛመዳል። ሙሉ ቁመቱን በጥቂት ወራት ይጨርስና ቀጣዮቹን ዓመታት አካሉን ሲያጠነክር ይቆያል። ለግንባታ የሚቆረጠው ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ነው። ሥሩ መሬት ውስጥ ስለሚቀር፣ በአግባቡ ከተቆረጠ እንደገና መትከል ሳያስፈልግ አዲስ ቡቃያ ያወጣል።

ኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል ዝርያዎች አሏት። የደጋው ቀርከሃ ወፍራምና ውስጡ ባዶ ሲሆን በሲዳማ፣ በጋሞና በአዊ ይበቅላል። በቤንሻንጉል ጉሙዝ በስፋት የሚገኘው የቆላው ቀርከሃ ግን ቀጠን ያለና ውስጡ ድፍን ነው።

ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ አቅራቢያ የሚኖሩት ዶርዜዎች ቤታቸውን የሚሠሩት በደጋው ቀርከሃ ነው። ቀርከሃው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ክብ ሠርቶ መሬት ላይ ይተከላል፤ ከዚያ ሌላው ስንጥቅ በመሃል በመሃሉ እየገባ እንደ ትልቅ ቅርጫት ወደ ላይ ይጎነጎናል። ላዩ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ ይሸፈናል። አዲስ ቤት እስከ 12 ሜትር ከፍ ሊል ይችላል። ወደ ፊት ወጣ ያለው መግቢያና ከበላዩ ያሉት መተንፈሻዎች የዝሆን ፊት ያስመስሉታል። ውስጥ የሚነደው እሳት ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ሲወጣ ቀርከሃውን እያጠቆረ ከነፍሳት ይጠብቀዋል። ይሁንና ምስጥ ከሥር መብላቱ አይቀርም። የተበላው ጠርዝ ሲቆረጥ ቤቱ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ስለዚህ የቤቱን እርጅና በቁመቱ መገመት ይቻላል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል። ይህን የሚችል የብሎኬት ቤት የለም!

የዘመኑ አርክቴክቶች ወደ ቀርከሃ ከተመለሱባቸው ምክንያቶች አንዱ ካርቦን ነው። ሲሚንቶ ሲመረት የኖራ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል፤ ከነዳጁም ከድንጋዩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከዚሁ ኢንዱስትሪ ነው። ቀርከሃ በተቃራኒው እያደገ ሳለ ካርቦን ይስባል፤ ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው።

ትልቁ ፈተና መጋጠሚያው ላይ ነው። የቀርከሃው ቃጫዎች ሁሉ በቁመት ስለሚሄዱ፣ ሳይበሳ ሚስማር የተመታበት ቀርከሃ ይሰነጠቃል። ኮሎምቢያዊው አርክቴክት ሲሞን ቬሌዝ ጓዱዋ የሚባለውን የአገሩን ቀርከሃ በብሎን እያሰረ፣ በመጋጠሚያው ያለውን ባዶ ቦታ በሲሚንቶ ሞርታር ሞላው። በ2000 በጀርመን ሃኖቨር ለተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ትልቅ የቀርከሃ አዳራሽ ሲነድፍ፣ ጀርመኖች እንዲያምኑት በቅድሚያ በኮሎምቢያዋ ማኒዛሌስ ከተማ ውስጥ በሙሉ መጠኑ ተሠርቶ በክብደት ተፈተነ። ኮሎምቢያ በ1999 አርሜኒያ ከተማን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ለቀርከሃ ግንባታ ደንብ ማውጣት ጀመረች፤ በ2010 የወጣው የአገሪቱ የግንባታ ኮድ ጓዱዋን በግልጽ አካቷል። ዓለም አቀፉ የቀርከሃ ግንባታ ደረጃ አይኤስኦ 22156ም በ2021 ተሻሽሏል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሌላው ፈተና ነቀዝ ነው፤ ቀርከሃን የሚወደው በውስጡ ላለው ስታርች ነው። ስለዚህ ቀርከሃው በቦራክስና በቦሪክ አሲድ የውሃ ድብልቅ ይነከራል፤ ጥላ ሥር እንዲደርቅም ይደረጋል። የቤቱ እግር በድንጋይ ወይም በኮንክሪት መሠረት ከመሬት ከፍ ማለት፣ ክዳኑም ከግድግዳው አልፎ መውጣት አለበት። ይህ ካልተደረገ ቀርከሃው በጥቂት ዓመታት በስብሶ የያዘውን ካርቦን ወደ አየር ይመልሳል። ቀርከሃ የአየር ንብረት መፍትሔ የሚሆነው ቤቱ ረጅም ዕድሜ ሲቆም ብቻ ነው።