ፎገራ፦ ከረግረግ ወደ ሩዝ ማሳ የተለወጠው ጥቁር አፈር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና በወረታ ከተማ አካባቢ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ያቋርጣል። በየክረምቱ ውሃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በአብዛኛው የግጦሽ መሬት ነበር። ዛሬ ከኢትዮጵያ ዋነኛ ሩዝ አምራች አካባቢዎች አንዱ ነው።

አፈሩ እንዴት ተፈጠረ?

የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው በቁልቁለቱ ይወርዳሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ ሲሞሉም ከዳርቻቸው ወጥተው ይተኛሉ። ከባዱ አሸዋ በወንዞቹ አቅራቢያ ሲቀር፣ ደቃቁ ሸክላ ርቆ ሄዶ በረግረጉ ላይ ይዘቅጣል። በዘመናት የተከማቸውን ይህን ጥቁር አፈር ገበሬዎች ዋልካ ወይም መረሬ ሲሉት፣ የአፈር ተመራማሪዎች ቨርቲሶል ይሉታል።

ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። በክረምት በሬና ሞፈር ይይዛል፤ በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ለእርሻ የሚመችበት ጊዜ አጭር ነው። በላዩ የሚሠራ ቤትም መሠረቱ ካልተጠነቀቁለት ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ግንበኞች ጥቁሩን አፈር ቆፍረው በማውጣት በገረጋንቲ ይተኩታል።

ከጓያ ወደ ሩዝ

ውሃ ቶሎ ስለማይሰርግ የብዙ ሰብሎች ሥር በክረምት ይታፈናል። በዚህም ምክንያት ገበሬው ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራ ነበር። ጓያ ድርቅን የሚቋቋም ቢሆንም፣ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል።

በሜዳው የዱር ሩዝ መብቀሉ ሰብሉ እንደሚስማማው አመላካች ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ፤ ‘ኤክስ-ጅግና’ የተባለው ዝርያም በገበሬዎች ዘንድ ተለመደ። ከእ.አ.አ 1990ዎቹ ወዲህ ሩዝ በፍጥነት ተስፋፋ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ሽምብራ ወይም ጓያ ስለሚዘራ አንዱ ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል።

የለውጡ ዋጋ

ግጦሹ በመታረሱ፣ ረግረጉን የለመደውና በወተቱ የሚታወቀው የፎገራ ከብት መሰማሪያው ጠበበ። አርቢው አሁን በአብዛኛው የሚተማመነው በሩዝ ገለባ ነው። ስደተኛ አዕዋፍ የሚያርፉባቸው የሼሸርና የወላላ ረግረጎችም በእርሻ መስፋፋት ተመናምነዋል። ረግረግ ጎርፍን ተቀብሎ ቀስ ብሎ የሚለቅ በመሆኑ ጉዳቱ ከወፎቹ ያልፋል።

እ.አ.አ በ2006 ክረምት ወንዞቹ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም በርካታ ነዋሪዎችን አፈናቅለዋል። ለሜዳው አፈሩን የሰጠው ጎርፍ ዛሬም መንገዱን አልረሳም፤ የተለወጠው በመንገዱ ላይ ያለው ማሳና ቤት ብዛት ነው።